ሻንሲው ጤነኛ ከሆነ ሂሉክሱ አይሸጥም

የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለበት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በየቴሌቪዥኑና በየዩቲዩቡ የመኪና ፕሮግራም አንድ ምክር ይደጋገማል። አሮጌ ፒክአፕ ያለው ቤተሰብ ዋጋው ሳይወርድ ቶሎ ሸጦ በኤሌክትሪክ ይተካ ይባላል። ምክሩ ከአስፋልት ለማይወጣ ነጂ ብቻ ቢሆን ዝም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። የሚነገረው ግን ለሃያና ለሠላሳ ዓመት እህል፣ ማዳበሪያ፣ ቆርቆሮና በሽተኛ ሲያመላልስ ለኖረ የቶዮታ ሂሉክስ ፒክአፕ ባለቤትም ጭምር ነው። ይህን ሰው ሽጥ ማለት ሠርቶ የሚያበላውን ንብረት በገዛ እጁ አስረክብ ማለት ነው።

ከሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ የሚያናድደው “ኤሌክትሪክ መኪና ጥገና የለውም” የሚለው ነው። የሞተር ዘይት ስለማይቀየርለት ጥገና የለውም ተባለ! የገጠር ኮረኮንች ፒክአፕ የሚጨርሰው በባሌስትራው፣ በአሞርዛተሩ፣ በኩሽኔታው፣ በመሪ እግሮቹና በጎማው በኩል ነው። እነዚህ በሙሉ ኤሌክትሪኩም ላይ አሉ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ባትሪ ሆዱ ሥር ስለተሸከመ ደግሞ ጫናቸው ይብሳል። የናፍጣ መኪና ካርተር (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) በድንጋይ ቢመታ በየትኛውም የወረዳ ከተማ ተበይዶ ይመለሳል። የባትሪ ሳጥን ሲመታ ማን ይከፍተዋል? የትኛው የወረዳ ጋራዥ?

ደግሞ ቁጥሩን እንይ። ቶዮታ ራሱ በ2025 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ኤሌክትሪክ ሂሉክስ 59.2 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አለው፤ በአንድ ሙሌት የሚጓዘው 240 ኪሎሜትር አካባቢ፣ የሚጭነው ደግሞ 715 ኪሎ ገደማ ነው። ነባሩ የናፍጣ ሂሉክስ አንድ ቶን ይጭናል። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎሜትር ያህል ሲሆን መሀል ላይ የዓባይ በረሃ አለ። ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው ሽቅብ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ከነጭነቱ ሦስት ቶን የሚመዝን መኪናን ይህን ያህል ከፍ ለማድረግ ብቻ ከ10 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ የጎማውና የንፋሱ ድርሻ ሳይቆጠር። ከአዲስ አበባ ወገን ካለችው ጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወርድ ባትሪው መልሶ ይሞላል ይላሉ። የሚመለሰው ግን በከፊል ነው፤ ከደጀን በኋላም መንገዱ አላለቀም። ደርሶ ከተራ 220 ቮልት፣ 10 አምፔር ሶኬት ላይ ቢሰካ የሚያገኘው 2.2 ኪሎዋት ነውና ባዶውን ባትሪ ለመሙላት 27 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ።

አዲስ አበባ ውስጥ በቀን ሠላሳ አርባ ኪሎሜትር ለሚነዳና ግቢው ውስጥ ቻርጀር ላለው ኤሌክትሪኩ ይሻለዋል። ከዚህ ያለፈ የምሰጠው የለኝም። የናፍጣ ሰልፉ እውነት ነው፤ ሊትሩም ከመቶ ብር አልፏል። ሰልፍ ግን ተይዞ ያልቃል፤ መብራት ለቀናት በጠፋበት ወረዳ የሚሰለፉበት ቦታም የለም። ስለ አገር ዶላር የሚቆረቆሩትም አዲሱ መኪና ከነባትሪው በዶላር እንደሚገዛ ይወቁት።

ዋናው ጉዳይ እነሆ። የ3ኤል ወይም የ5ኤል ሞተር ሂሉክስ ዕድሜው የሚለካው ሊብሬው ላይ በተጻፈው ዓመት አይደለም። ባለ 2.8 እና ባለ 3.0 ሊትር የሆኑት እነዚህ ሞተሮች ቱርቦ የላቸውም፤ በመካኒካል ፖምፓ የሚሠሩት ደግሞ ኮምፒውተርም አያውቁም። ሲሊንደሩ ቢበላ ቶርኖ ቤት ይገባል፤ ፒስተኑ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ብሮንዚናው፣ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ተዘርግቶ ይገኛል። “ሞተሩ አልቋል” የሚለው ፍርድም በዓይን መሰጠት የለበትም። ሞተሩ ይሙቅ፤ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ይፈቱ፤ የናፍጣ መዝጊያው ሽቦ ይነቀል፤ ከዚያ በየሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ይለካ። ጤነኛ ሞተር በካሬ ሴንቲሜትር 32 ኪሎ አካባቢ ያሳያል። ፋብሪካው የሚቀበለው ዝቅተኛ ልክ 20 ነው፤ በሲሊንደሮቹ መሀል ያለው ልዩነትም ከ5 ማለፍ የለበትም። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል፤ ካልተነሳ ጥፋቱ ከቫልቩ ወይም ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን ነው። ይህን ሳይለኩ ሞተር የሚያወርድ መካኒክና መኪና የሚያሸጥ ደላላ ለእኔ አንድ ናቸው።

ቴስታታው ተሰንጥቆ “ይህ መኪና አረጀ” የሚባልበትን ምክንያት ደግሞ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዕድሜ ሳይሆን የእጅ ነው። እዚህ አገር መኪና ሞቀ ሲባል መጀመሪያ የሚደረገው ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። በኤል ሞተር ላይ ግን ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ሲከፈት ወደ ራዲያተር የሚያልፈውን ውሃ ይለቅቃል፤ በዚያው እንቅስቃሴ ታች ያለው ሳህኑ ራዲያተሩን ዘልሎ የሚመለሰውን መተላለፊያ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከወጣ መተላለፊያው ሁልጊዜ ክፍት ነው። ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ ከጭነት ጋር ረጅም ዳገት ሲመጣ ያ ነው ቴስታታውን የሚያቃጥለው። በሜዳ ላይ ደግሞ ሞተሩ ለመሞቅ ይዘገይና ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል። በዚህ ላይ የራዲያተሩ ክዳን ጎማ አለቀ እንበል። ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ውሃ ገና በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና ግፊት የማይዝ ክዳን ያለው መኪና በግልጽ ይነፍራል። ማቀዝቀዣ ፈሳሹ በምንጭ ውሃ ከተተካ ዝገቱና ደለሉ የራዲያተሩን ቱቦዎች ይደፍናል። የአንድ ቴርሞስታት፣ የአንድ ክዳንና የጥቂት ሊትር ፈሳሽ ጉዳይ ሙሉ መኪና ሲያሸጥ ዝም ብሎ ማየት አይቻልም።

የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው የታይሚንግ ቺንጋም እንዲሁ ነው። በየ100,000 ኪሎሜትሩ መቀየር አለበት፤ ለዚህም ዳሽቦርዱ ላይ “ቲ-ቤልት” የሚል መብራት ተሠርቶለታል። ያ መብራት ሲበራ አምፖሉን የሚነቅሉ አሉ። ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፤ ሂሳቡ የሚጻፈው ግን በሂሉክሱ እርጅና ስም ነው።

ታዲያ የሚሸጥ ሂሉክስ የለም ወይ? አለ፤ ሻንሲው (መኪናው ሁሉ የሚያርፍበት የብረት አጥንት) የሞተ። ሁሉም ነገር ሲቀየር ሻንሲው ነው የሚቀረው፤ ስለዚህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት መኪናው ታጥቦ፣ ከፍ ብሎ፣ በመዶሻ ይመርመር። የሚታየው ከጋቢናው ጀርባ፣ የኋላ ባሌስትራው የሚታሰርበት እግር ዙሪያና የመሪ ሳጥኑ የተያዘበት ቦታ ነው። ጭቃ የሚያቁሩት ማዕዘኖች ላይ ድምፁ ከጠራ ብረትነት ወደ ድፍን ቆርቆሮነት ከተለወጠ ውስጡ ተበልቷል። በደጋው ከዝገት ይልቅ ከልክ በላይ ጭነት ያመጣው ስንጥቅ ይበዛል። አጭር ስንጥቅ መጨረሻው ላይ ቀዳዳ ተበስቶለት፣ ተበይዶ፣ ከላይ ረዘም ያለ ሳህን ሲደረብበት ያገለግላል። በሁለቱም ጎን ከተሰነጠቀ፣ ወይም ቀድሞ ሦስት አራት ጊዜ የተበየደ ከሆነ ግን በቃ። ያን ጊዜ ሞተር ላይ ማውጣት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ዲፎርዲው (D-4D)፣ ማለትም ኢንጀክተሮቹ በኮምፒውተር የሚታዘዙት አዲሱ የናፍጣ ሞተር ላይ ፍርዱ ጠበቅ ይላል፤ በተለይ ባለ 3.0 ሊትሩ ላይ። የኢንጀክተሮቹ የመዳብ ማስቀመጫዎች ሲያፈስሱ የቃጠሎው ጋዝ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፤ ጥላሸቱ በካርተሩ ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል፤ ሞተሩም ዘይት ተጠምቶ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። ካርተሩን አውርዶ ወንፊቱን ማየት፣ መዳቦቹን መቀየር፣ የናፍጣ ማጣሪያውን ውሃ ቶሎ ቶሎ ማፍሰስ ግዴታ ነው። አራቱም ኢንጀክተሮች ካለቁ ወጪው ያማል። ያም ሆኖ በጤነኛ ሻንሲ ላይ ካሰሉት ጥገናው ያሸንፋል።

አንድ ጊዜ ከሸጡት ደግሞ መመለሻ የለም። የነዳጅ ፒክአፕ በአዲስነት አይገባም። ያገለገለውን ማስገባትም የ2012ቱ የኤክሳይስ አዋጅ ቀድሞ አክብዶት ነበር። ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር አካባቢ ከመቶ በላይ ወጣ። ሸጦ የተጸጸተ ቤተሰብ ያንኑ መኪና ከደላላ መልሶ የሚገዛው ዋጋ ጨምሮ ነው። “ዋጋው ሳይወርድ ሽጡ” የሚሉትም ይህንኑ ያውቃሉ፤ አገር ውስጥ ያለው ሂሉክስ ቁጥሩ የማይጨምር ዕቃ ሆኗልና።

መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና ቫቱን፣ ኤክሳይሱንና ሱር ታክሱን አንስቶ ነበር፤ ቀረጡንም ተገጣጥሞ ለገባው 15፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ አድርጎ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ ለሚገባው ጭራሹን ትቶት ነበር። ለሂሉክስ ፋሻ፣ ለቴስታታ ጓርኒሲዮንና ለታይሚንግ ቺንጋ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት አልተደረገም። የገጠሩን ምርት ወደ ገበያ የሚያወጣው ዛሬም ይኸው መኪና ስለሆነ ገንዘብ ሚኒስቴር የመለዋወጫውን ግብር በሚቀጥለው በጀት ያንሳ።