ማስተካከያ፦ ፑሽ አዲስ አሬይ አይመልስም
በጃቫስክሪፕት አሬይ (በተርታ የተቀመጡ ዕሴቶች ዝርዝር) ላይ ኤለመንት ስለመጨመር ባለፈው በወጣው ጽሑፍ ውስጥ "ፑሽ አዲሱን አሬይ ይመልሳል" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ልክ አይደለም። ፑሽ ኤለመንቱን የሚጨምረው እዚያው የነበረው አሬይ መጨረሻ ላይ ነው። የሚመልሰው ደግሞ የአሬዩን አዲስ ርዝመት፣ ማለትም ቁጥር ነው።

3 ስሞች ያሉበት አሬይ አለን እንበል። አንድ ስም ፑሽ አድርገን ውጤቱን በሌላ ቫሪያብል ብንይዘው፣ እዚያ ውስጥ የምናገኘው 4 ቁጥርን ነው። በዚህ ቫሪያብል ላይ ማፕ (በአሬይ ኤለመንቶች ላይ አንድ በአንድ የሚሠራ ትእዛዝ) ስንጠራ፣ ቁጥር ማፕ ስለሌለው ኤረር ይመጣል። ጀማሪ ሰው ችግሩን የሚፈልገው ማፕ ላይ ነው፤ ብዙ ሰዓት የሚበላውም ይሄ ነው። ስለዚህ ፑሽን በራሱ መስመር ጻፉት፣ ከዚያ የመጀመሪያውን አሬይ ተጠቀሙ።

አንሺፍትም የሚመልሰው ርዝመት ነው፤ የሚጨምረው ግን ከፊት።

የድሮው ሳይነካ አዲስ አሬይ ከፈለጋችሁ ኮንካት አለ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ደግሞ በሦስት ነጥብ የሚጻፈው ስፕሬድ አለ። ሪአክት (የድረ ገጽ መሥሪያ ላይብረሪ) ላይ ስቴት፣ ማለትም ገጹ የሚያሳየውን ዳታ፣ ስትቀይሩ እኔ የምመክረው ስፕሬድን ነው። ፑሽ ካደረጋችሁ አሬዩ ያው የድሮው ስለሆነ፣ ለውጡ ስክሪኑ ላይ ላይታይ ይችላል።