ማስተካከያ፦ «ካልተመዘገባችሁ ኃላፊነት የለባችሁም» የሚለው ስህተት ነው

ከሸሪኮች ጋር የኦንላይን ሥራ ስለመጀመር በሰፊው የተጋራ ጽሑፍ «ድርጅቱ እስኪመዘገብ ሕጋዊ ኃላፊነት የለባችሁም» ይላል። ትክክል አይደለም።

በብዙ አገሮች የንግድ ሕግ ለትርፍ አብረው የሚነግዱ ሰዎች ምንም ወረቀት ባይፈርሙም እንደ ሽርክና ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1890 የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የእንግሊዝ የሽርክና ሕግ አንዱ ምሳሌ ነው። መዘዙ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዱ ሸሪክ በሥራው ስም የተበደረውን ሌላው ከራሱ ኪስ ሊከፍል ይችላል። በዚሁ ሕግ የተለየ ስምምነት ከሌለ ትርፉም እኩል ይካፈላል፤ አንዱ ብዙ ገንዘብ ቢያዋጣም፣ ሌላው ኮድ ሲጽፍ ቢያድርም።

ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር የግል ንብረትን ከድርጅቱ ዕዳ ይለያል። ለብድር በግሉ ዋስ ሆኖ የፈረመን ግን አያድነውም።

ጽሑፉን አምናችሁ ሥራ ከጀመራችሁ፣ ሌላ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የአገራችሁን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ።