ማስነሳቱን ተማሩ፤ ማቆሙንስ?

ዲላ ላይ ቡና ሲሸጥ ሞተር ይበዛል። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሞ ማየት ይበቃል። የመቀመጫው ላስቲክ እንኳ ያልተነሳለት አዲስ ቦክሰር ሞተር ሳይክል ይመጣል። ከላዩ ላይ አምና በእግሩ ትምህርት ቤት ይመላለስ የነበረ ልጅ ተቀምጧል። አንዳንዱ ሁለት ጓደኞቹን ከኋላው ደርቧል። ክላክሱ አያርፍም።

የጎረቤቴ ልጅም ዘንድሮ ተቀላቅሏቸዋል። 19 ዓመቱ ነው። አባቱ ከቡናው ገንዘብ ላይ ቆንጥረው ገዙለት። ልጁም ሥራ አልፈታም፤ ከገጠር ቀበሌ ሰው እያመላለሰ ቤቱን ይደጉማል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። መኪና በማይገባበት ፒስታ ነፍሰ ጡሯን ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት፣ ማዳበሪያውን ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣው ሞተር ነው። ሞተር ይጥፋ የሚል ሰው ከዋናው አስፋልት ወርዶ አያውቅም።

ሞተሩ በተገዛ በሦስተኛው ወር እናቱ ቤቴ መጡ። "አንተ ስንት ዓመት ነድተሃል፤ እባክህ አንድ ነገር በለው። እኔ ቀስ በል እያልኩ ምላሴ ደከመ" አሉኝ።

"ቀስ በል" የሁላችንም ምክር ነው። ትራፊክ ፖሊሱም ይለዋል፣ ሬዲዮውም ይለዋል፣ ቄሱም ፓስተሩም ይለዋል። ስህተት የለውም። ግን ከዚያ አያልፍም። ልጁ ቀስ ብሎም ቢሆን የማያውቀውን አያውቅም።

እሁድ ጠዋት ሜዳ ይዤው ወጣሁ። ድንጋይ አስቀመጥኩና "በ40 ና፤ እዚህ ስትደርስ አቁም" አልኩት። መጣ። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ የእግር ፍሬኑን ረገጠ። የኋላው ጎማ ቆለፈ፤ ሞተሩ እንደ እባብ ተጥመለመለ። ድንጋዩን አልፎ፣ በሁለት እግሩ መሬቱን እየጫረ፣ ወዲያ ማዶ ቆመ።

"የፊቱን ፍሬን ለምን አልያዝክም?"

"የፊቱን ከያዝክ ይገለብጥሃል ብለውኛል፣ ጋሼ።"

ማነው ያለህ? ጓደኛው። ለጓደኛውስ? ሌላ ጓደኛ። የሞተር ትምህርት በእኛ ዘንድ የሚተላለፈው እንደ ተረት ነው፣ ከአፍ ወደ አፍ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ፍሪሲዮን አለቃቀቅ፣ ማርሽ አገባብ፣ ጋዝ አሰጣጥ ያሳዩሃል። ሞተሩ ሳይጠፋብህ ሁለት ዙር ከዞርክ "ችለሃል!" ብለው ጀርባህን ይመቱሃል። ማቆም የሚባል ምዕራፍ የለውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለ ፊት ፍሬን ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሞትበት ነገር ስለሆነ። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል። አውቶቡስ ላይ ቆማችሁ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት የምትወድቁት በዚሁ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ የፊቱ ጎማ መሬቱን ይጫናል፤ የኋላው ይቀልላል። የቀለለ ጎማ ላይ ፍሬን ቢረገጥ ከመንሸራተት በቀር የሚያመጣው ነገር ትንሽ ነው። ከሚያቆመው ኃይል አብዛኛው ያለው በቀኝ እጅ ጣቶች ላይ ነው። እርግጥ ባንዴ ጨምድደው ከያዙት፣ በተለይ ጠጠርና ጭቃ ላይ፣ የፊቱ ጎማ ያመልጣል። ተረቱ የመጣውም ከዚያ ነው። መልሱ ግን መፍራት ሳይሆን እንደ ሎሚ ቀስ አድርጎ እየጨመሩ መጭመቅ ነው። ይህ ደግሞ እጅ ካልለመደው በጭንቅ ሰዓት አይመጣም።

እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት አለ። ሃሪ ኸርት የተባለ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሎስ አንጀለስ ውስጥ 900 የሚሆኑ የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄዱ መረመሩ። ጥናቱ አርጅቷል፤ አገሩም ሌላ ነው። ስታነቡት ግን ስለ እኛ መንደር የሚያወራ ይመስላል። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው መደበኛ ሥልጠና አልነበራቸውም፤ ራሳቸው የተማሩ ወይ ጓደኛና ዘመድ ያስተማራቸው ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በወደቁበት ሞተር ላይ ገና አምስት ወር አልሞላቸውም። ብዙዎቹ በጭንቅ ሰዓት የኋላውን ፍሬን አብዝተው ረግጠው ተንሸራተዋል፤ የፊቱን በሚገባ አልያዙም።

ከሁሉ የገረመኝ ፍጥነቱ ነው። የተለመደው አደጋ የጀመረው በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር። በ120 አይደለም። ነጂው አደጋውን አይቶ አንድ ነገር ለማድረግ የነበረው ጊዜ ደግሞ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሰው አያስብም። እጁ የለመደውን ያደርጋል።

እና የትኛው ጀማሪ ነው የሚያሰጋኝ? የመጀመሪያው ሳምንት ልጅ አይደለም። እሱ ይፈራል፤ ላብ በላብ ሆኖ ጥግ ጥጉን ነው የሚሄደው። የሚያሰጋኝ የሦስተኛው ወር ልጅ ነው። ፍርሃቱ ለቆታል፤ ችሎታው ግን ገና አልመጣም። ስፖኪዮውን፣ የኋላ ማያ መስታወቱን፣ "አያምርም" ብሎ ፈትቶ የሚያስቀምጠው በዚህ ወር ነው። በአንድ ጎማ ማስነሳት የሚሞክረው፣ አይሱዙ ኩርባ ላይ ደርቦ የሚቀድመው በዚህ ወር ነው። መንደሩ ደግሞ "ፍንዳታ ነው" እያለ ያደንቀዋል። የልጁ እናት በሦስተኛው ወር የመጡት በአጋጣሚ አይመስለኝም። እናት ታውቃለች።

ከዲላ በወናጎ አድርጎ ወደ ይርጋ ጨፌ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኩርባ በኩርባ ነው። ቤቱ፣ ሱቁ፣ እንሰቱ ሁሉ መንገዱ ላይ ተደፍቷል። ልጅ ኳሱን ተከትሎ ይወጣል፤ ፍየል ሐሳቧን ትቀይራለች። በሰዓት 80 የሚሄድ ሞተር በየሰከንዱ 22 ሜትር ይበላል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል እንጂ እጥፍ ብቻ አይደለም። ጀማሪ ይህን አይነግሩትም። ኩርባ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ሞተር ዓይን ወዳየበት ይሄዳል። ጉድጓዱን ፈርቶ ጉድጓዱ ላይ ያፈጠጠ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ማየት ያለበት መውጫውን ነው።

በልግ ሲገባ የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ደቂቃዎችም አሉ። ወራት ሙሉ የተጠራቀመው አቧራና ዘይት ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ አስፋልቱን ሳሙና ያደርገዋል። ኮብልስቶኑማ አይነሳ።

ጥፋቱ ሁሉ የሞተረኛ ነው ለማለት አይደለም። ያው ጥናት ሞተርና መኪና ከተጋጩባቸው አደጋዎች ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ላይ ቅድሚያ የከለከለው ባለመኪናው እንደነበር ጽፏል። "አላየሁትም" የሚለው ቃል ለሾፌር ርካሽ ነው። ለዚህም ነው በቀንም መብራት አብርቶ መሄድ ጅልነት ያልሆነው።

ወደ ሄልሜት ልምጣ። ብዙ ሞተረኛ ሄልሜት አለው። የሚያደርገው ግን ክንዱ ላይ ነው፣ እንደ ዘንቢል። ትራፊክ ሲያይ ጭንቅላቱ ላይ ይደፋል፤ ትራፊኩን ሲያልፍ ያወርደዋል። ማሰሪያውን የሚያስር ደግሞ ከስንት አንድ ነው። ያልታሰረ ሄልሜት ከባለቤቱ ቀድሞ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ ከ60 በላይ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ ሄልሜት የመሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህን ያህል የሚያተርፍ ነገር ሌላ ቦታ ቢገኝ ወረፋ እንይዝ ነበር።

ከኋላ የሚቀመጠውስ? ለእሱ ሄልሜት የለም። እናቶች በጎን ተቀምጠው፣ ነጠላቸው በነፋስ እየተውለበለበ ይሄዳሉ። ያ ነጠላ ሰንሰለቱ ወይ የጎማው ሽቦ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው አይረሳውም። ተሳፋሪውም ታዲያ ንጹሕ አይደለም። "ቶሎ በል፣ ረፍዶብኛል" እያለ ትከሻውን የሚነካው እሱ ነው።

ሲወድቁ ደግሞ አብዛኛው ሰው በመጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ጋ ነው። ለውልቃት እጃቸው የተባረከ ወጌሻዎች አሉ፤ አልክድም። የተሰበረ እግር ግን ጠብቆ ሲታሰር ደም መዘዋወሩ ይቆማል፤ ሥጋው ይሞታል። ሊድን ይችል የነበረ እግር የተቆረጠበት ወጣት አውቃለሁ። ዘመዶቹ "ቀኑ ሆኖ ነው" ይላሉ። ቀኑ አይደለም። ሜዳ ላይ ያላለፈው ትምህርት ነው።

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተሮችን ከዝርፊያ ጋር አያይዛ ስታግድ፣ ልዩ ፈቃድ ያላቸው ብቻ ቀሩ። ለከተማዋ ምክንያቱ ይበቃት ይሆናል። እዚህ ግን እገዳ ማለት ገጠሩን ከጤና ጣቢያው መቁረጥ ነው። የቬትናም መንገድ ይሻለኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ሄልሜትን በሁሉም መንገድ ላይ ግዴታ አደረጉ፤ ቁጥጥሩንም አላላሉም። በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ነጂ አደረገ። እነሱ ከእኛ የተለየ ጭንቅላት የላቸውም። ሕጉማ እኛም አለን።

እኔ የምለው ይህን ነው። ሞተር የሚሸጥ ሰው ያለ ሁለት ሄልሜት ቁልፉን አይስጥ። ዋጋው ውስጥ ይግባ፤ ያን ያህል ገንዘብ ለሞተር ያወጣ አባት በዚህ አይከፋም። የመንጃ ፈቃድ ፈተናው ስምንት ቁጥር ከማዞር አልፎ "በ40 ና፤ እዚህ አቁም" ይበል። ያላቆመ ይውደቅ፤ ወረቀት ላይ መውደቅ ይሻለዋል። በማኅበር የተደራጁት ሞተረኞች ደግሞ ከመካከላቸው አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የነዱ አሉ። ወር በገባ የመጀመሪያውን እሁድ አዲሶቹን ሜዳ ይዘው ቢወጡ በጀት አይጠይቅም። ድንጋይ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ይህ ነገር ነገ ይብስበታል። የኤሌክትሪክ ሞተሮች እየመጡ ነው። ፍሪሲዮን የላቸውም፤ ማርሽ የላቸውም፤ ድምፅ የላቸውም። ለመማር አንድ ከሰዓት እንኳ አይፈጁም። እግረኛው አይሰማቸውም፤ ጉልበታቸው ደግሞ ገና ጋዙ ሲነካ ነው የሚመጣው። ማስነሳት ይበልጥ ቀለለ ማለት ነው። ማቆሙ እዚያው ነው።

የጎረቤቴን ልጅ አራት እሁድ ሜዳ አወጣሁት። በሁለተኛው እሁድ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ፤ እናቱ ለሳምንት አኮረፉኝ። በአራተኛው ድንጋዩ ጋ ቆመ፣ ሳይንሸራተት። ሄልሜቱን አሁን ያስረዋል። ባለፈው ቅዳሜ እናቱን ከኋላው አድርጎ ወደ ገበያ ሲያልፍ አየሁት። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው አስረዋል። ራሳቸው ላይ ግን ያለው ሻሽ ብቻ ነው። "ሁለተኛው ሄልሜትስ?" ብዬ ጮህኩ። ልጁ በእጁ ወደ ፊት አሳየኝ፤ ሲመጣ፣ ቡናው ሲሸጥ፣ ማለቱ ነው።