ማስተካከያ፦ የድንገተኛ ክፍል ሬዚደንት የተመረቀ ሐኪም ነው

ሰሞኑን በቴሌግራም ብዙ ሰው የተቀባበለው ጽሑፍ «ድንገተኛ ክፍል ሌሊት የሚያክሙት ሬዚደንቶች ገና ያልተመረቁ ልጆች ናቸው» ይላል። ይህ ስህተት ነው።

ሬዚደንት ሕክምና ተምሮ የተመረቀ ሐኪም ነው። አሁን የሚማረው ስፔሻሊቲ፣ ማለትም በአንድ የሕክምና ዘርፍ ስፔሻሊስት የሚያደርገውን ትምህርት ነው። ጽሑፉ ከኢንተርን ጋር ያምታታው ይመስላል። ኢንተርን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ጥቁር አንበሳ ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሬዚደንቶች ሦስት ዓመት ሠልጥነው እ.ኤ.አ. በ2013 ተመረቁ። ይህ በሕክምና መጽሔቶች ታትሞ የወጣ መረጃ ነው።

ሬዚደንቶች «ልጆች» መባላቸውም ልክ አይደለም። ከመካከላቸው ወደዚህ ሥልጠና ከመግባታቸው በፊት ከአዲስ አበባ ውጭ በጠቅላላ ሐኪምነት ያገለገሉ አሉ። እዚያ ስፔሻሊስት በሌለበት አዋልደዋል፣ የመኪና አደጋ ተጎጂ ተቀብለዋል። ትዳር የያዙ፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ቤተሰብ የሚደጉሙም አሉ። አዳር ወጥቶ በቀጥታ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው «ገና ልጅ» አይባልም።

ስህተቱ ጉዳት አለው። ቤተሰብ «ዋናው ዶክተር ይምጣ» ብሎ ምርመራ ካስቆመ፣ ደም ለሚፈሰው ወይም ስትሮክ ለመታው ሕመምተኛ እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ ያስከፍላል። የሚያክማችሁ ማን እንደሆነ መጠየቅ ግን መብታችሁ ነው። ጠይቁ፤ ምርመራው ግን አይቁም።

ያንን ጽሑፍ ያጋራችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም እዚያው ግሩፕ ላይ አስቀምጡልን።