ማስተካከያ፦ «ታካሚዎች ብሔራቸውን መናገር አይፈልጉም» ስለተባለው

ሰሞኑን በደብረ ብርሃንና በአካባቢው በቴሌግራም የተዘዋወረው ጽሑፍ «ታካሚዎች ዘራቸውንና ብሔራቸውን ለሐኪም መናገር እንደማይፈልጉ በአሜሪካ በጥናት ተረጋግጧል» ይላል። ስህተት ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት የታተመው፣ ቺካጎ ውስጥ 220 ታካሚዎች የተጠየቁበት ጥናት እንዲህ አይልም። 80 በመቶ ያህሉ ሕክምና ሰጪዎች መረጃውን ቢሰበስቡ ተስማምተዋል። ስጋቱ ግን እውነት ነው፦ 58 በመቶው መረጃው ለአድልዎ እንዳይውል ሰግተዋል፤ 28 በመቶው ለመዝጋቢ ሠራተኛ መናገር ከብዷቸዋል። መረጃው የሕክምናውን ጥራት ለመከታተል እንደሚውል ሲነገራቸው ቀለል ብሏቸዋል።

ጽሑፉን አንብቦ ካርድ ክፍል ውስጥ የመጣበትን ወረዳ ጭምር የሚደብቅ ሰው እንዳይኖር ያሳስበናል። አድራሻ ሌላ፣ ብሔር ሌላ ነው። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ እያለው ደብረ ብርሃን የወጣ ታካሚ የመጣበትን ካልተናገረ፣ ሐኪሙ ወባን ዘግይቶ ሊጠረጥር ይችላል። መዘግየቱ ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። ብሔሩን ሲጠየቅ የሚፈራ ሰው፣ ያየነውን አይተን፣ አይፈረድበትም፤ «ለምን ትጠይቁኛላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ጠያቂውም በትሕትና ያስረዳው።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያጋራችሁ ይህንንም አጋሩልን።