ማስተካከያ፦ ሰቨን ኢለቨን የተወለደው ጃፓን አይደለም

ባለፈው ስለ ሱቆች ስጽፍ «ሰቨን ኢለቨን የተባለው የሱቆች ሰንሰለት እ.ኤ.አ. በ1974 ቶኪዮ ተጀመረ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሐዋሳ ፒያሳ ቡና እየጠጣን አንድ ወዳጄ ስልኩን አፍንጫዬ ስር ደቅኖ «ይሄስ?» አለኝ። ልክ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1927 ዳላስ፣ ቴክሳስ ነው። ያውም በበረዶ ሽያጭ! ፍሪጅ ብርቅ በነበረበት ዘመን ሰው ምግቡን የሚያቆየው በረዶ እየገዛ ነበር። በረዶ ሊወስድ የመጣ ሰው ወተት፣ እንቁላልና ዳቦም እዚያው ያገኝ ጀመር። የዛሬው ስም የመጣው በ1946 ነው፤ ሱቆቹ በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 7 እስከ ምሽቱ 11 ይሠሩ ስለነበር። በእኛ ሰዓት ቢሆን «አንድ አምስት» ይባሉ ነበር ማለት ነው።

በ1974 ቶኪዮ የተከፈተው የጃፓን የመጀመሪያው ሱቅ ነው፤ ስሙንና አሠራሩን በፍራንቻይዝ ውል ከአሜሪካኖቹ ወስዶ። እኔን ያምታታኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አሜሪካዊው ባለቤት ዕዳ ሲበዛበት፣ በ1991 ጃፓኖቹ አብላጫውን ድርሻ ገዙ። በ2005 ደግሞ ጠቅልለው ያዙት። ልጅ አባቱን ገዛ እንደማለት።

«የሰፈራችን ባለሱቅ በሳንቲም መልስ ፈንታ ማስቲካ ይሰጣሉ» ብዬ የጻፍኩት ግን አይታረምም። ትናንትም መልሴን በማስቲካ ነው የሰጡኝ።