ተቋራጩ የማን ልጅ ነው?

ጅማ ውስጥ ቤቱን ሊያስጨርስ በተነሣ ሰው ግቢ ከአሸዋና ከሲሚንቶ ቀድሞ የሚራገፈው ምክር ነው። አሸዋው በቢያጆ፣ ሲሚንቶው በኩንታል ይቆጠራል፤ ምክሩ ግን መለኪያም ማብቂያም የለውም። ሊያስጨርስ ያሰበው ምድር ቤቱን ከሆነ ደግሞ መካሪው እጥፍ ይሆናል። ሳሎንና መኝታ ቤት ምን እንደሚደረግባቸው ሁሉም ስለሚያውቅ ብዙ አያከራክሩም፤ ምድር ቤት ግን ገና ሥራ ያልተሰጠው ቦታ በመሆኑ ዘመድ ሁሉ የየራሱን ምኞት ይዞ ይገባበታል።

በሰፈራችን፣ ወደ ጅሬን በሚያወጣው ዳገት ላይ ከተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ ፊታቸው ከመንገዱ ጋር እኩል፣ ጀርባቸው ወደ ቁልቁለቱ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ከሥራቸው ግማሹ አፈር ውስጥ የተቀበረ፣ ግማሹ ወደ ገደሉ የተከፈተ ክፍል ይተርፋቸዋል። ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ጎረቤታችን፣ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ የሚላቸው፣ እንዲህ ያለ ክፍል ነበራቸው፤ ልስን ያልነካው፣ በቆሎና ማገዶ የሚቀመጥበት፣ እግሩ የተሰበረ አልጋ ጥገና የሚጠባበቅበት። ይህ ክፍል ሊጨረስ ነው ተብሎ በተወራበት ሳምንት ባለቤታቸው እትዬ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሊያከራዩት፣ ጋሼ መጻሕፍታቸውን ሊደረድሩበት፣ ዕድሩ ድንኳንና ድስት ሊያስቀምጥበት፣ የእህታቸው ልጅም (በይፋ ባይናገረውም) የበርጫ ክፍል ሊያደርገው አስበው ነበር።

ገንዘቡን የሚልከው ግን ሚኒሶታ የሚኖረው የበኩር ልጃቸው ነበር። እሱ ባለበት አገር ምድር ቤት የቅንጦት ነገር አይደለም። ክረምት ሲመጣ መሬቱ ስለሚበርድና ስለሚጠጥር የቤት መሠረት ውርጩ ከሚደርስበት ጥልቀት በታች መውረድ አለበት፤ በሚኒያፖሊስ አካባቢ ይህ ጥልቀት ከ1 ሜትር ያልፋል። ያን ያህል ከተቆፈረ አይቀር ትንሽ ተጨምሮ ክፍል ይሁን ይባልና ቤቱ ሁሉ ከሥሩ ሌላ ቤት ይኖረዋል። ልጁም የራሱን ምድር ቤት ሲያስጨርስ ያለፈበትን ሥርዓት በሙሉ ጽፎ በቴሌግራም ላከ። ተቋራጩ ከክፍለ ግዛቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሊኖረው፣ የፈቃዱም ቁጥር በኢንተርኔት ሊጣራ ይገባል፤ መድን ይኑረው፤ ቀድሞ የሠራላቸው ሰዎች ይጠየቁ፤ ዋጋው ዝርዝር ሆኖ ይጻፍ፤ ክፍያው ሥራው በደረሰበት ልክ ይሁን፤ ግድግዳው ከመሸፈኑ በፊት የከተማው ተቆጣጣሪ መጥቶ ይየው፤ መኝታ ቤት የሚሆን ከሆነም እሳት ቢነሣ ሰው የሚወጣበት፣ ደፉ ከወለሉ ከ112 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ መስኮት ይኑረው። ጋሼ ዝርዝሩን በመምህር ጽሕፈታቸው ደብተር ላይ ገለበጡትና ጎረቤቱን ሰብስበው አነበቡልን።

ተነቦ ሲያልቅ አንዲት እናት ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ይሁን፣ ጥሩ ነው፤ ግን የማን ልጅ ነው የሚሠራው?» ሲሉ ጠየቁ። የልጁ ዝርዝር በዚያች ጥያቄ ተጠናቀቀ።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልናገር። እኛ ተቋራጭ አንቀጥርም፤ ልጅ እንደምንድርለት ቤተሰብ አጥንቱን ቆጥረን እንቀበለዋለን። አያቱ ከየት መጡ፣ አባቱ ሒርማታ ሱቅ የነበረው ነው ወይስ ያኛው፣ እናቱ በለቅሶ ጊዜ ትታያለች ወይ፣ እያልን እስከ ሰባት ቤት እንወጣለን። ድግሪውን፣ የሠራቸውን ቤቶች፣ የሠራተኞቹን ብዛት ለመጠየቅ ግን ያሳፍረናል። ነገሩ ሕግ አጥተን አይደለም። በአገራችንም የሥራ ተቋራጮች በደረጃ ይመዘገባሉ። የሕንፃ አዋጁ አዲስ ቤት መሥራትን ብቻ ሳይሆን ያለውን ማሻሻልንና አገልግሎቱን መለወጥንም ግንባታ ይለዋል፤ ፈቃድ የሚሰጥ የሕንፃ ሹምም አቁሟል። የበቆሎ ማስቀመጫን ወደ ተማሪ መኖሪያ መለወጥ ከዚህ የሚያመልጥ አይመስለኝም። ይህን በዚያች ስብሰባ ላይ ብናገር የሰው ምድር ቤት ለመንግሥት የሚያሳብቅ ጎረቤት እንደምባል ስለገባኝ ቡናዬን ጠጣሁ።

ቡናው ሳያልቅ ተቋራጩ ተገኘ። የእትዬ የአክስት ልጅ ያገባት ሴት ወንድም ነው፤ ከዚያም በላይ የጋሼ የቀድሞ ተማሪ ነው። ሁለቱ መረጃዎች ሲደመሩ ከደረጃ 1 ፈቃድ በላይ መዘኑ። ጋሼ ብቻቸውን ጥቂት ዝም አሉ፤ ተማሪያቸው ስለ ዝናብ ሥርጭት በተማረው ምዕራፍ ያመጣውን ውጤት አልረሱትም ነበር። ሆኖም ተማሪ ያድጋል ብለው ተስማሙ።

ተቋራጩ በማግሥቱ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጫማውን ደጃፍ ላይ አወለቀ፣ የእትዬን ጉልበት ሳመ፣ በበርጩማው ላይ ተቀምጦ የሞቱትንም ያሉትንም ዘመዶች ደኅንነት ጠየቀ። በአቦል ስለ ሲሚንቶ መወደድ አዘንን፤ በቶና ስለ ጠፉት ግንበኞች አማን፤ በረካ ላይ ዋጋው ተቆረጠ። ምድር ቤቱን ለማየት የወረደው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ የቆየውም የስልኩ መብራት እስኪጠፋ ነው። አፈር ለበስ በሆነው ግድግዳ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር አይተው ጋሼ ምን እንደሆነ ሲጠይቁት፣ «የድሮ ኖራ ነው ጋሼ፣ ልስን ይሸፍነዋል» አላቸው። ውሃ በግድግዳ ውስጥ አልፎ ሲተን ጨዉን ላዩ ላይ ትቶ እንደሚሄድ፣ ያ ነጭ ዱቄትም የውሃው ፊርማ መሆኑን ማንም አላነሣም። ጋሼ የልጃቸውን አደራ አስታውሰው «አንድ ወረቀት ቢጤ ብንጽፍ ምን ይመስልሃል?» ብለው ሲጀምሩ፣ ተቋራጩ ስኒውን አስቀምጦ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ አላመኑኝም ማለት ነው?» አለ። እትዬ ባላቸውን አፈጠጡባቸው። ጋሼም ከዚያ በኋላ ወረቀት የሚለውን ቃል ጋዜጣ ሲያነቡ እንኳ በጥንቃቄ ያነሡት ጀመር።

ሁለተኛ ሰውም መጥቶ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ጎረቤት የሆነ አንድ ተከራይ የጠቆመው። የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም፤ ይህም ገና ከበሩ ሲገባ አጎደለበት። ቡናው ሳይፈላ «መጀመሪያ ልየው» ብሎ ወጣ፤ ወደ ምድር ቤቱ ሳይሆን ወደ ጣሪያው ተመለከተ። አሸንዳው ውሃውን የሚጥለው የት እንደሆነ ጠየቀ። ከተቀበረው ግድግዳ ሥር መሆኑን ሲያይ እስክሪብቶ አወጣ። «ጋሼ፣ እርስዎ የጂኦግራፊ መምህር ነዎት ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ጅማ በዓመት ስንት ይዘንባል?» አላቸው። ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ አሉ ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው። ጣሪያዎ 100 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ አለ ሰውየው እያሰላ፣ በዓመት 150 ሺህ ሊትር ውሃ ነው ከዚህ ግድግዳ ሥር የሚፈሰው፤ በ200 ሊትር በርሜል ቢቀዳ 750 በርሜል። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ቁጥር በራሳቸው ግድግዳ ላይ ሲደገፍ ያን ቀን ያዩት የመጀመሪያቸው ይመስለኛል።

ከዚያም ምድር ቤቱ ገብቶ ቁራጭ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አደረገና ዙሪያውን በፕላስተር አሸገው። ከነገ ወዲያ እዩት፣ አለ፤ ርጥበቱ ከላስቲኩ ጀርባ ከተገኘ ከአፈሩ የመጣ ነው፣ በፊት ለፊቱ ከሆነ ደግሞ የክፍሉ አየር ነው፤ አሁን ጥር ስለሆነ ደርቆ ብታገኙት እንኳ እንዳትደሰቱ፣ ሰኔ ላይ ድገሙት። ከውስጥ የሚደረግ ልስን፣ ሲሚንቶው የቱንም ያህል ቢበዛበት፣ ውሃው ከጀርባ ስለሚገፋው ውሎ አድሮ እንደሚላቀቅ አስረዳ። ሥራው ከውጭ መጀመር አለበት፦ ግድግዳው እስከ መሠረቱ ይቆፈር፣ ይጽዳ፣ ሬንጅ ይቀባ፣ ከሥሩ የተበሳሳ ቱቦ በጠጠር ተከብቦ ይቀበር፣ ቁልቁለቱ ስላለ ውሃው ያለ ፓምፕ በራሱ ይወጣል፣ አሸንዳውም ወደ ቦዩ ይዙር። ለዚህ ሁሉ ዋጋውን በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ክፍያውን ከሥራው ደረጃ ጋር አያይዞ፣ ፈርሞ አስቀመጠ። ቡናውን ግን አቦሉን ብቻ ጠጥቶ ሌላ ሥራ አለብኝ ብሎ ሄደ።

ከሄደ በኋላ የተባለውን ሁሉ ብጽፍ ወረቀት አይበቃም። ቤት ሊጨርስ ተጠርቶ ግቢ ልቆፍር ይላል ተባለ። ከጥር ጀምሮ ስለ ሰኔ ማውራት ሟርት ነው ተባለ። ሁለት ሲኒ ቡና ለመጠጣት የማይታገሥ ሰው ልስን እስኪደርቅ እንዴት ይታገሣል ተባለ። ከሁሉም በላይ ግን ወረቀቱ አስቀየመ፤ የሚፈራረሙት የተጣሉ ሰዎች ብቻ ናቸውና። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ተብሎ ሥራው ለዘመዱ ተሰጠ።

ሥራው እንዴት እንደሄደ በዝርዝር መናገር አያስፈልግም፤ ቤት ያሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የመነገር መብት ያለው የጊዜ ሰሌዳው ብቻ ነው። ሌላ ከተማ ያለ ተቋራጭ ለፋሲካ አስረክባለሁ ብሎ ፋሲካ ካለፈበት ምክንያት ፍለጋ ይደክማል፤ የጅማ ተቋራጭ ግን ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም በእኩል ስለሚያገለግል ከፋሲካ ወደ ዒድ በክብር ይሸጋገራል። ለማንም በዓል አድልዎ አላደረገም። በመካከሉ ቅድሚያ ክፍያው ሁለተኛና ሦስተኛ ቅድሚያ ወለደ። ይሁንና እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ በግንቦት መግቢያ ምድር ቤቱ አምሮበት ነበር፤ ሴራሚኩ ያበራል፣ ቀለሙ እንደ ቅቤ የሚያምር ነው፣ እትዬም ተከራይ ማነጋገር ጀምረው ነበር። ለሚኒሶታ ቪዲዮ ተላከ። ልጁ «መስኮቱ የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ በድንገት ኔትወርክ ጠፋ።

ሰኔ ገባ። መጀመሪያ ቀለሙ አበጠ፤ ቀጥሎ ልስኑ በጣት ሲነካ ባዶ ድምፅ አሰማ፤ ከዚያ ከሴራሚኩ መገጣጠሚያ ውሃ ወጣ። ተቋራጩ ተጠርቶ ሲመጣ ጫማውን እንደ ልማዱ ደጃፍ ላይ አወለቀ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ውስጡ ውሃ ስለነበር ትክክል ነበር። «ጋሼ፣ ውሃው እኔ ከመምጣቴ በፊትም የነበረ ነው» አለ፤ ይህም ፍጹም እውነት ነው። «የዘንድሮው ዝናብ ደግሞ ከልክ አለፈ» ብሎ ሲጨምር ጋሼ አላስቻላቸውም፤ «ያን ምዕራፍ ያኔም አላነበብከውም!» አሉት።

ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጡረተኛ ጠበቃ ስለነበሩ፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 መሠረት ተቋራጭ ለሠራው ሥራ ትክክለኛነትና ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ 10 ዓመት ዋስ እንደሆነ አነሡ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሁሉም ሰው በጠበቃው አዘነ፤ ሰው ሊያስታርቅ መጥቶ ሕግ ያወራል። ደግሞስ የትኛው ርክክብ? ቁልፉ የተሰጠው በእራት ግብዣ ላይ ነበር። ውሳኔውም ተቋራጩ ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ ጋሼም ስለ ትምህርቱ የተናገሩትን እንዲያነሡ፣ ለጥገናው የሚያስፈልገውን ደግሞ ሚኒሶታ እንዲልክ ሆነ። ተሳሳሙ፤ በግ ታረደ፤ በጉ የተቀመጠው ደረቅ በሆነው በላይኛው ቤት ነበር።

በኅዳር እትዬ ለማንም ሳይናገሩ ያንን ወረቀት ከጋሼ ደብተር ውስጥ አውጥተው ስልኩን ደወሉ። ሰውየው መጣ፤ ቆፈረ፣ አጸዳ፣ ሬንጅ ቀባ፣ ቱቦውን በጠጠር ቀበረ፣ አሸንዳውን አዞረ። ወደ ቁልቁለቱ በኩል ሰው የሚወጣበት መስኮትም ከፈተ፤ ለዚያም የሕንፃ ሹሙ ዘንድ አብረው እንዲሄዱ እትዬን አስገደዳቸው። ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ቆረጠ፣ ከመጨረሻው ክፍያም ጥቂቱን እስከ ሰኔ እንዲይዙት ራሱ ጠየቀ። ሰኔ አልፎ ሐምሌም ተጋመሰ፤ ግድግዳው ደረቅ ነው፤ ሁለት ተማሪዎች ገብተውበታል።

ሰሞኑን ሌላ ጎረቤታችን ምድር ቤቱን ሊያስጨርስ ስለተነሣ ስለዚሁ ሰው ጠየቀና እትዬ ምስክርነታቸውን ሰጡ። «በሥራው ምንም አይወጣለትም» አሉ፣ ድምፃቸውን ትንሽ ዝቅ አድርገው፤ «ሰውየው ግን ይጽፋል።» ጎረቤቱ ራሱን ነቀነቀና አመስግኖ ወጣ፤ ስልክ ቁጥሩን ግን አልጠየቀም።